የላይኛው ሲሶ፦ የባሕር ዳር ማጥመጃ ዘንግ ቀለበቶች የት ይታሰሩ?

በጥቅምት ወር፣ በሰሜን ካሮላይና የኬፕ ሃተራስ ጫፍ ላይ፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ አሸዋው በሰው ይሞላል። ባክስተን ከምትባለው መንደር በስተደቡብ መሬቱ እየሾለ ወደ አትላንቲክ ይገባል። ከሰሜን የሚወርደው ቀዝቃዛ ውኃና ከደቡብ የሚመጣው የገልፍ ስትሪም ሙቅ ውኃ የሚገናኙት ከዚህ ጫፍ ፊት ለፊት ነው። አሸዋ ላይ መሄድ የሚችሉ መኪኖች አፍንጫቸውን ወደ ባሕሩ አዙረው ይደረደራሉ፤ ፊታቸው ላይ በታሰረው መደርደሪያ አራት ሜትር የሚጠጉ ዘንጎች ቆመዋል። አጥማጆቹ እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ ገብተው ትከሻ ለትከሻ ይቆማሉ፣ በተራም ይወረውራሉ። ተራ የሚጠብቁት ከጨዋነት ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ወርዋሪ ስምንት አውንስ፣ ማለትም 227 ግራም እርሳስ፣ በላዩም የተቆረጠ የዓሣ መብል ይዟል። ይህ ጭነት በሙሉ ኃይል ሲወረወር ክሩ ቢበጠስ ጎን የቆመ ሰው ሊሞት ይችላል። ወርዋሪው እርሳሱን ከኋላው አሸዋ ላይ አሳርፎ፣ ወገቡን አዙሮ፣ ዘንጉን እንደ ቀስት አጉብጦ ይለቀዋል። ክሩም ከማጠንጠኛው እየተተረተረ፣ በዘንጉ ላይ በተደረደሩት ቀለበቶች ውስጥ አልፎ፣ ከሦስተኛው የማዕበል ረድፍ ማዶ ይወድቃል።

እዚያ ማዶ የሚጠበቀው ሬድ ድረም የተባለው ዓሣ ነው። በበትርና በክር ከተያዙት ሁሉ ትልቁ ተብሎ እስካሁን በክብረ ወሰንነት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1984 ከባክስተን ትንሽ ወደ ሰሜን ካለችው አቨን የባሕር ዳርቻ የወጣ ሲሆን ክብደቱ 94 ፓውንድ ከ2 አውንስ፣ 42 ኪሎ ተኩል ያለፈ ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለ ዓሣ ቢወጣ ተመልሶ ይለቀቃል። የክፍለ ግዛቱ ሕግ አንድ አጥማጅ በቀን አንድ ሬድ ድረም ብቻ እንዲወስድ ይፈቅዳል፤ እሱም ርዝመቱ ከ18 እስከ 27 ኢንች ያለውን ነው። ስለዚህ ትልቁን ዓሣ ረዥም ጊዜ እያደከሙ ማጫወት ጀብዱ ሳይሆን ጥፋት ነው፤ ሳይዝል ወጥቶ ሳይዝል መመለስ አለበት። ይህ ደግሞ ዘንጉን ሁለት የሚጋጩ ሥራዎች ያሸክመዋል። ሲወረወር ቀላልና ፈጣን መሆን አለበት፣ ሲጎትት ደግሞ ኃይሉን ከእጀታ እስከ ጫፍ ሳያባክን ማድረስ አለበት። በእነዚህ በሁለቱ ሥራዎች መካከል ያሉት ሸምጋዮች ቀለበቶቹ ናቸው።

ዘንጋቸውን በእጃቸው የሚገጣጥሙ ሰዎች ፋብሪካ ያወጣውን ባዶ ዘንግ፣ የግራፋይት ወይም የፋይበር ግላስ ክፍት ቱቦውን ማለት ነው፣ ገዝተው እጀታውን፣ የማጠንጠኛውን መቀመጫና ቀለበቶቹን በየምርጫቸው ያስራሉ። ሥራው የሚሠራው ዓሣው በራቀበት የብርድ ወቅት፣ በምድር ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። እነዚህ ሰዎች ስለ ቀለበት ሲወያዩ ከሁሉ በላይ የሚያነሱት ሁለት ነገር ነው፤ ለማጠንጠኛው የሚቀርበው የመጀመሪያው ትልቅ ቀለበት ስንት ሚሊሜትር ይሁን የሚለውና የቀለበቱ ከንፈር ከምን ዓይነት ሴራሚክ ይሠራ የሚለው። ገንዘቡም ሐሳቡም የሚሄደው ወደነዚሁ ነው። እኔ ግን የዘንጉ ዕጣ የሚወሰነው በሌላኛው በኩል፣ ከጫፉ በሚጀምረው ሲሶ ላይ ነው እላለሁ። እዚያ ቀለበቶቹ ምን ያህል ይመዝናሉ፣ ምን ያህልስ ተራርቀዋል የሚለው በመጀመሪያው ቀለበት መጠን ላይ ከሚደረገው ክርክር ሁሉ ይበልጣል። ይህን የምለው ቁጥሮቹ ስለሚሉት ነው።

በመጀመሪያ ግን ትልቁ ቀለበት ይህን ያህል ክብር እንዴት አገኘ? መልሱ ያለው በማጠንጠኛው ታሪክ ውስጥ ነው። የጥንቶቹ የባሕር ዳር አጥማጆች የሚጠቀሙት ከበሮው ራሱ የሚሽከረከር፣ ከዘንጉ በላይ የሚቀመጥ ማጠንጠኛ ነበር። ክሩ ከዚያ የሚወጣው ቀጥ ብሎ ስለሆነ ትልቅ ቀለበት አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ1905 አልፍሬድ ኢሊንግወርዝ የተባለው እንግሊዛዊ የጨርቃ ጨርቅ ባለፋብሪካ ከበሮው ቆሞ ክሩ ከአፉ ላይ እየተገፈፈ የሚወጣበትን ማጠንጠኛ በስሙ አስመዘገበ። ይህ ዓይነት ማጠንጠኛ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በፋይበር ግላስ ዘንጎች ታጅቦ አሜሪካን አጥለቀለቀ። ለመወርወር ቀላል ነው፤ ግን ክሩ ከበሮውን የሚለቀው እየተጠመዘዘ፣ በሰፊ ጥቅል ነው። ያን ጥቅል ለመቀበል ዘንግ ሠሪዎቹ ትልቅ ጉሮሮ ሠሩ። መጀመሪያ 50 ሚሊሜትር ቀለበት፣ ቀጥሎ 40፣ 30፣ 20፣ እያሉ ቀስ በቀስ እየጠበቡ እስከ ጫፉ ይወርዳሉ። ሐሳቡ ለዓይን ይጥማል፤ ጥቅሉም ሳይጋጭ በእርጋታ ይጠባል ተብሎ ይታመን ነበር። ይህ አሠራር ለአሥርተ ዓመታት ሳይጠየቅ ኖረ። የጠየቀው የጃፓኑ ቀለበት ሠሪ ፉጂ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ባወጣው አዲስ አደራደር ጥቅሉ በረዥሙ ሳይሆን በአጭሩ፣ በጥቂት ከፍ ያሉ ቀለበቶች ታንቆ እንዲጠብና ከዚያ ወዲያ እስከ ጫፍ ድረስ ትንንሽና ቀላል ቀለበቶች ብቻ እንዲሄዱ አደረገ። ብዙዎች ከዚህ የወሰዱት ትምህርት የታችኞቹን ቀለበቶች ማሳነስ እንደሚቻል ነው። እኔ የምወስደው ሌላ ነው፤ የአደራደሩ ዋና ጥቅም ላይኛውን ክፍል ከሸክም ማላቀቁ ነው።

ሸክሙ ምን ያህል ነው? አንድ ጫፉ ተይዞ ሌላው ጫፉ ነፃ ሆኖ የሚርገበገብ ዘንግ ላይ፣ አንድ ግራም ክብደት የሚያደርሰው ጫና እንደ ተቀመጠበት ቦታ ይለያያል። ጫፉ ላይ ከሆነ ግራሙ ሙሉ ግራም ነው። ከጫፉ ሩብ ያህል ወደ ኋላ ሲመለስ ከግማሽ በታች ይሆናል፤ መካከል ላይ አንድ ዘጠነኛ ገደማ ነው፤ ከእጅ ሩብ ያህል ብቻ ርቆ ሲቀመጥ ከአንድ መቶኛ ያንሳል። ይህ ስሌት ከግርጌ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ውፍረት ላለው ዘንግ የሚሠራ ነው። የማጥመጃ ዘንግ ደግሞ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ስለሚሄድ እንቅስቃሴው ሁሉ ወደ ላይ ይሰበሰባል፤ ልዩነቱም ከዚህ ይብሳል። እንግዲህ ትልቁ የመጀመሪያ ቀለበት አሥር ግራም ቢመዝን እንኳ፣ ያለበት ቦታ ሩቡ አካባቢ ነውና፣ ጫፍ ላይ ከተለጠፈ የግራም አንድ አስረኛ አይበልጥም። በአንጻሩ ከላይ ባሉት አምስት ቀለበቶች ከእያንዳንዳቸው ግማሽ ግራም ቢቀነስ፣ የሚቀነሰው ዘንጉ ከልቡ ከሚሸከመው ላይ ነው። ጫፉ የከበደ ዘንግ ከውርወራ በኋላ ቶሎ አይረጋም፤ ይወዛወዛል፤ ውዝወዛውም ክሩን እየደበደበ ርቀት ይበላል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር አለ። ክብደት የሚጨምረው ቀለበቱ ብቻ ሳይሆን እግሩን የሚያስረው ፈትልና ፈትሉን የሚሸፍነው ኢፖክሲም ጭምር ነው። ሁለት እግር ያለው ቀለበት ሁለት ጥቅልል ይጠይቃል፤ የታሰረበትንም የዘንጉን ክፍል ያደነድነዋል። ስለዚህ በላይኛው ሲሶ ላይ አንድ እግር ያለው ቀለበት መምረጥ በሁለት በኩል ያተርፋል፤ ኢፖክሲውንም በስሱ መቀባት እንዲሁ።

ክብደት ብቻውን ቢሆን ኖሮ መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ከላይ ያሉትን ቀለበቶች ቁጥር መቀነስ። ይህን የሚከለክለው ሁለተኛው ማስረጃ፣ የጭነቱ ቅርጽ ነው። ዓሣ ሲጎትት ዘንጉ ይጎብጣል፤ ክሩ ግን አይጎብጥም፤ ከቀለበት ወደ ቀለበት ቀጥ ብሎ ይሄድና በየቀለበቱ ላይ ይሰበራል። በየስብራቱ ላይ ቀለበቱን የሚጫነው ኃይል በክሩ ውጥረትና በስብራቱ ማዕዘን ይወሰናል። ክሩ በአምስት ኪሎ ውጥረት ቢጎተትና በአንድ ቀለበት ላይ 10 ዲግሪ ቢታጠፍ፣ ያ ቀለበት 0.87 ኪሎ ያህል ይሸከማል። ማዕዘኑ 30 ዲግሪ ከሆነ ሸክሙ ወደ 2.6 ኪሎ ይወጣል። ይህ ኃይል የሚያርፈው የዘንጉ ግድግዳ በሣሣበት፣ አንዳንዴም የእርሳስ ብዕር ያህል በቀጠነበት ቦታ ላይ ነው። ቀለበቶቹ ሲቀራረቡ መጎበጡ ለብዙዎች ይከፋፈላል፤ ሲራራቁ ጥቂቶቹ ላይ ይከመራል፤ ዘንጉም ለስላሳ ቀስት መሆኑ ቀርቶ ክርን ያለው ክንድ መስሎ ይታጠፋል። ታችኛው ክፍል ግን በብዙ ዘንጎች ላይ እምብዛም ስለማይጎብጥ፣ እዚያ ቀለበት አሥር ሴንቲሜትር ቢወጣ ወይም ቢወርድ ማዕዘኑ የሚለወጠው በኢምንት ነው።

ከበሮው ለሚሽከረከረው ማጠንጠኛ ነገሩ ይበልጥ ይጠብቃል። እዚያ ቀለበቶቹ ከዘንጉ በላይ ናቸው፤ ዘንጉ ሲጎብጥ ክሩ ወደ ዘንጉ ይወርዳል። ምን ያህል እንደሚወርድ ማስላት አይከብድም፤ በሁለት ቀለበቶች መካከል ያለው ርቀት በራሱ ተባዝቶ፣ ለመጎበጡ ሬዲየስ ስምንት እጥፍ ይካፈላል። የዘንጉ ጫፍ 60 ሴንቲሜትር ሬዲየስ ባለው ክብ ልክ ቢጎብጥና ቀለበቶቹ 30 ሴንቲሜትር ቢራራቁ፣ ክሩ መካከል ላይ 19 ሚሊሜትር ገደማ ይወርዳል። የትንንሾቹ ቀለበቶች የታችኛው ከንፈር ከዘንጉ ይህን ያህል ስለማይርቅ ክሩ ዘንጉን ይፈገፍጋል፤ አሸዋ የያዘ እርጥብ ክር ሽፋኑን እንደሚሞርድ ደግሞ ማንም ያውቃል። ርቀቱ በግማሽ ተቀንሶ 15 ሴንቲሜትር ሲሆን ግን መውረዱ በግማሽ አይደለም የሚቀንሰው፣ በአራት እጥፍ ነው፤ ከአምስት ሚሊሜትር በታች ይሆናል። ለዚህ ነው ጫፍ አካባቢ አንድ ቀለበት መጨመር ታች ሁለት ከመጨመር የሚበልጠው። ይህን ችግር ከሥሩ የሚነቅል ሌላ ዘዴም አለ፤ ቀለበቶቹን ከማጠንጠኛው በኋላ ቀስ በቀስ በዘንጉ ጎን አዙሮ ከመካከል ጀምሮ ወደ ታች ማውረድ። ሲያዩት የተበላሸ ሥራ ይመስላል፤ ግን ክሩ ዘንጉን አይነካም፤ ከላይ የተደረደሩ ቀለበቶች በጭነት ጊዜ ዘንጉን ለማጣመም የሚያደርጉት ግፊትም ይቀራል። በባሕር ዳር ሰዎች ዘንድ አለመለመዱ ከመልኩ ውጪ በቂ ምክንያት ያለው አይመስለኝም።

ይህ ሁሉ ስሌት ጠረጴዛ ላይ ሲወርድ ሥራው እጅግ ቀላል ነው። ዘንግ ሠሪው የጫፉን ቀለበት በሙቀት በሚለቅ ማጣበቂያ ይተክላል። ሌሎቹን በትንንሽ የላስቲክ ቀለበቶች ወይም በፕላስተር ለጊዜው ይይዛል። የዘንጉን ግርጌ በማሰሪያ ያጠብቅና ክሩን በቀለበቶቹ ሁሉ አሳልፎ ጫፉ ላይ ክብደት ያንጠለጥላል፣ ወይም ወለሉ ላይ ካለ ሚዛን ጋር አስሮ ይስበዋል። ከዚያ ከጎን ቆሞ ያያል። ክሩ የዘንጉን ጉብጠት ተከትሎ ከሄደ ደህና ነው፤ አንድ ቀለበት ላይ ከሌሎቹ የበለጠ ከተሰበረ ግን የዚያ ጎረቤት ወደዚያ መጠጋት አለበት። ብዙ ጊዜ ሥራው የሚጀመረው ከጫፉ 10 ወይም 12 ሴንቲሜትር ላይ የመጀመሪያውን በመያዝ ነው፤ ቀጥሎ ያሉት ርቀቶች ወደ ታች ሲወርዱ ጥቂት ጥቂት ሴንቲሜትር እየጨመሩ ይሄዳሉ። ሁለት ሴንቲሜትር ወደ ላይ፣ አንድ ወደ ታች፣ ክብደቱን ጨምሮ እንደገና ማየት። እዚህ ላይ ግልጽ የሚሆነው ጫፍ አካባቢ የአንድ ሴንቲሜትር ሽግሽግ ዓይን ላይ ወዲያው መታየቱ፣ ታች ግን አንድ ስንዝር ቢዘዋወር እንኳ ለውጡ መፈለግን መጠየቁ ነው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ የሚመጣው ከውርወራ ሰዎች ነው። ጥቅሉ የሚታነቀው የመጀመሪያው ቀለበት ላይ ነው፤ እዚያ ከተበላሸ ላይኛው ምንም ያህል ቢያምር ምን ይጠቅማል? ይላሉ። እውነት አላቸው። የመጀመሪያው ቀለበት ለማጠንጠኛው ከልክ በላይ ከቀረበ ወይም ዝቅ ካለ ክሩ ዘንጉን እየገረፈ ይወጣል፤ የተጎነጎነ ክር ከሆነም ቀለበቱ ላይ ተጠምጥሞ ውርወራውን አየር ላይ ይቆርጠዋል። ፉጂ በኋላ ያወጣቸው፣ እግራቸው ወደ ፊት የተጋደመ ቀለበቶች የተሠሩት ይህ ጥምጥም በራሱ ተንሸራቶ እንዲወርድ ነው። ነገር ግን አስፈላጊ መሆንና ለማግኘት አስቸጋሪ መሆን አንድ አይደሉም። የቆመ ከበሮ ያለውን ማጠንጠኛ መቀመጫው ላይ አስሮ የከበሮውን እምብርት መስመር ወደ ፊት ማስረዘም ነው፤ ማጠንጠኛው ትንሽ ወደ ላይ ስለሚያይ መስመሩ አንድ ቦታ ላይ ዘንጉን ይነካል። ጥቅሉ ታንቆ ማለቅ ያለበት እዚያ አካባቢ ነው፤ ከዚያ በታች ሁለት ሦስት ከፍ ያሉ ቀለበቶች እየጠበቡ ወደዚያ ይመሩታል። ለእጅ የሚቀርበው ቀለበት በሙከራ ጥቂት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይደረግና ይያዛል። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መልሱም ሰፊ ነው፤ ለዚህም ነው ሐሳብን ሁሉ ሊወስድ የማይገባው።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ ቀለበት በጨመረ ቁጥር ሰበቃ ይጨምራል የሚለው፣ ከሁሉ የሚደጋገመው ነው። ግማሹ ትክክል፣ ግማሹ ስህተት ነው። ዓሣ በሚጎተትበት ጊዜ፣ ዘንጉ ጎብጦ ክሩ ተወጥሮ ሳለ፣ የሰበቃው ድምር የሚወሰነው ክሩ በጠቅላላ በታጠፈው ማዕዘን ነው፤ የማጠፊያዎቹ ብዛት ስሌቱ ውስጥ የለም። ይህ የሌዎንሃርድ ኦይለር ስም የተያያዘበት፣ መርከበኛ ገመዱን ግንድ ላይ ሲጠመጥም የሚሠራው ቀመር ነው። ዘንጉ 90 ዲግሪ ከጎበጠ፣ መጎበጡ ለስድስት ቢከፈል ለዘጠኝ ሰበቃው ያው ነው፤ የሚለወጠው የእያንዳንዱ ቀለበት ሸክም ነው። በውርወራ ጊዜ ግን ሁኔታው ሌላ ነው። ክሩ ላላ ብሎ እየተንገዋለለ ስለሚወጣ የሚነካው ቀለበት ሁሉ ከፍጥነቱ ጥቂት ይወስዳል። እንዲያም ሆኖ ቀለበት የሌለበት ረዥም ክፍተት ክሩ ሆዱን ነፍቶ ዘንጉን እንዲመታ ይፈቅዳል። ስለዚህ ለርቀት ብቻ የሚወዳደር ሰው ቁጥሩን ቢቀንስ አይፈረድበትም፤ ሜዳ ላይ እርሳስ ወርውሮ በሜትር የሚለካ ሰው ዓሣ አይጎትትምና። ሃተራስ ላይ የሚቆመው ግን ከውርወራው በኋላ ገና ሥራ አለበት።

የሚከብደኝ ሦስተኛው ተቃውሞ ነው። ትንንሽ ቀለበት ትላላችሁ፣ ቋጠሮውስ? ከባድ እርሳስ የሚወረውር ሰው ዋናው ክር ጫፍ ላይ ወፍራም መሪ ክር ይቀጥላል። የታወቀው ልክ ለአንድ አውንስ እርሳስ አሥር ፓውንድ ጥንካሬ ነው፤ ለስምንት አውንስ 80 ፓውንድ የሚችል ክር ማለት ነው። ያን ወፍራም ናይሎን ከቀጭኑ ክር ጋር የሚያገናኘው ቋጠሮ በውርወራው ቅጽበት በቀለበቶቹ ሁሉ ውስጥ ተተኩሶ ያልፋል፤ አንዱ ላይ ቢይዝ ቀለበቱን ይነቅላል ወይም ክሩን ይበጥሳል። በዚያ ላይ ማዕበል የነቀለው የባሕር ሣር ቋጠሮው ላይ ይጠመጠማል። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቶች ወደ ሰሜን፣ ኒው ጀርዚና ሎንግ አይላንድ ላይ፣ ቀለበት ውስጥ በረዶ ይሠራሉ። በዚህ ላይ የቀለበት ቁጥር የሚለካው የሴራሚኩን ውጪ ጭምር ስለሆነ ውስጡ ከተጻፈው ይጠብባል፤ 10 ተብሎ የሚሸጠው 10 ሚሊሜትር ክፍተት የለውም። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። የምለው ግን ይህ ክርክር ራሱ ወደ ላይኛው ሲሶ ይመልሰናል የሚል ነው። ቋጠሮው የሚያዘው በትልቁ የመጀመሪያ ቀለበት አይደለም፤ በትንንሾቹ ነው። ስለዚህ የመጠን ምርጫ መጀመር ያለበት ከጫፉ ነው። የምትጠቀሙበትን መሪ ክር ከዋናው ክር ጋር ቋጥራችሁ፣ ጫፉን ወደ ኋላ እየጎተታችሁ፣ ሳይነካካ የሚያልፍበትን ትንሹን ቀለበት ፈልጉ። ስምንት አውንስ ለሚወረውር 12 ወይም ከዚያ ከፍ ያለ ሊሆን ይችላል፤ ሎንግ አይላንድ ውስጥ ሞንቶክ በተባለው ቦታ ድንጋይ ላይ ቆሞ በቀጭን የተጎነጎነ ክር የእንጨት ዓሣ እየወረወረ ስትራይፕድ ባስ የተባለውን ዓሣ ለሚፈልግ 8 ወይም 10 ይበቃዋል። ሁለቱ ሰዎች አንድ ዓይነት ባዶ ዘንግ ቢገዙ እንኳ ቀለበታቸው አንድ ሊሆን አይገባም።

የመጨረሻው ተቃውሞ የሰንጠረዡ ነው። ባዶ ዘንግ የሚሸጡ ፋብሪካዎች ቀለበት የት የት እንደሚታሰር የሚያሳይ ሰንጠረዥ አብረው ይሰጣሉ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ዘንጎች በዚያ ተሠርተው ዓሣ አውጥተዋል፤ ታዲያ ይህ ሁሉ ማንጠልጠልና ማሸጋሸግ ለምን? ሰንጠረዡን አልንቅም፤ ለመነሻ ጥሩ ነው። ግን ሰንጠረዡ የማያውቃቸው ነገሮች አሉ። ማጠንጠኛው ከግርጌው 60 ሴንቲሜትር ላይ ይቀመጥ ወይስ 80 ላይ አያውቅም፤ ይህ ደግሞ በሰውየው የክንድ ርዝመት የሚወሰን ነው፤ ማጠንጠኛው በተንቀሳቀሰ ቁጥርም ከእሱ የሚለካው ሁሉ ይንቀሳቀሳል። ዘንግ ሠሪው ከጫፉ አምስት ሴንቲሜትር ቆርጦ ዘንጉን ማደንደኑን አያውቅም። ከበሮው ቆሞ ይሁን ተሽከርካሪ፣ ክሩ ናይሎን ይሁን የተጎነጎነ አያውቅም። ፋብሪካ ለሁሉም የሚሆን አንድ ዘንግ ሲያወጣ እነዚህን መገመቱ ግድ ነው። በራሱ ዘንግ ላይ የሚሠራ ሰው ግን መገመት አይኖርበትም፤ መልሱ ፊት ለፊቱ ጎብጦ ተንጠልጥሏል። እና እዚህም ያው ነገር ይደገማል። ሰንጠረዡ ታች ቢሳሳት የሚያስከፍለው ጥቂት ነው፤ ላይ ቢሳሳት ግን ሸክሙ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ የሚታጠፍ ጫፍ ያስረክባል።

ስለ ሴራሚኩም አንድ ነገር ልበል፤ የገበያው ወሬ ስለሚበዛበት። የብረት ቀለበት ብቻ በነበረበት ዘመን ክር ከንፈሩን እየሞረደ ጉድጓድ ያወጣበት ነበር፤ አሉሚኒየም ኦክሳይድ ይህን አስቀረ፤ ሲሊከን ካርባይድ ደግሞ ይበልጥ ጠንካራና ለስላሳ ሆኖ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተጎነጎነ ክር ሲስፋፋ፣ ደካማ ቀለበቶች ስለተቆረጡ፣ ጠንካራ ሴራሚክ ግዴታ መሰለ። ዛሬ ግን ከታወቀ ሠሪ የሚወጣ ተራው ሴራሚክ እንኳ ክሩን ይችላል። ውዱ ዓይነት የሚያተርፈው በሌላ በኩል ነው፤ ጠንካራ ስለሆነ ቀጭን ሊሠራ ይችላል፤ ቀጭን ሲሆን ይቀልላል፤ በዚያው ቁጥር ውስጥም ክፍተቱ ይሰፋል። ታይታኒየም ፍሬም እንዲሁ ነው፤ በጨው ውኃ አለመዛጉ ይወደሳል፤ የበለጠው ጥቅሙ ግን ከብረት መቅለሉ ነው። እነዚህ ሁለት ጥቅሞች፣ ቅለትና የክፍተት ስፋት፣ ዋጋ የሚያወጡት ከላይ ብቻ ነው። ታች ያለው ትልቅ ቀለበት በአሥረኛ ግራም የሚቆጠር ጉዳት ብቻ ስለሚያደርስ እሱን በታይታኒየም ማሠራት ለመልክ እንጂ ለሥራ አይደለም።

እንግዲህ ገንዘቡ ውስን ለሆነ ሰው፣ ማን አይደለም?፣ ወጪው በዚሁ ልክ ይከፈል። ከዋሽንግተን አካባቢ ተነስቶ አሳቲግ ደሴት ላይ ወይም ሃተራስ ድረስ ወርዶ መወርወር የሚፈልግ ጀማሪም ቢሆን ከዚህ ሊጀምር ይችላል፤ ለላይኞቹ አምስት ስድስት ቀለበቶችና ለጫፉ የታይታኒየም ፍሬምና ቀጭን ሴራሚክ፣ ለታችኞቹ የማይዝግ ብረት። ብረቱ በጨው እንዳይበላ ከእያንዳንዱ የማጥመድ ቀን በኋላ በንጹሕ ውኃ ማጠብ ይበቃል፤ እነሱ ደግሞ ለእጅ ቅርብ ናቸው። ከማሰር በፊት ቀለበቶቹን በፕላስተር እንደያዙ ሰው የሌለበት ሰፊ ሜዳ ላይ እርሳስ ብቻ መወርወር ተገቢ ነው፤ በግማሽ ኃይል፣ ፕላስተሩ እንዳይለቅ። ጠረጴዛው ላይ ያልታየው የክር መገረፍ እዚያ ይሰማል። ከዚያ የእግሮቹ ጫፍ በሞረድ ይሳሳል፤ ፈትሉ ይጠመጠማል፤ ኢፖክሲው ይቀባል፤ ዘንጉም በአንድ በኩል እንዳይንጠባጠብ በትንሽ ሞተር እየዞረ ያድራል። ባሕሩ ዳር ከወጣ በኋላ ላይኛው ክፍል አሁንም አንድ ቦታ ላይ የሚሰበር ከሆነ ፈትሉን በምላጭ ቀዶ ቀለበቱን ማንሳት ይቻላል፤ ሁለት ሴንቲሜትር አዘዋውሮ መልሶ የማሰሩ ሥራ፣ ኢፖክሲው የሚደርቅበትን ሳይጨምር፣ የአንድ ምሽት ሥራ ነው።